የሞተሩ መቀመጫ ከመበየዱ በፊት
አሮጌ ሂሉክስ ፒክአፕ ላይ የሌላ መኪና ሞተር ሲገጠም ብዙ ሰው የሚያደንቀው ጉልበቱን ነው። የእኔ አድናቆት ግን ለሞተሩ መቀመጫዎች ነው። ጎበዝ መካኒክ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር አጋጥሞ በሰንሰለት ያንጠለጥልና መለካት ይጀምራል። ቬንትሌተሩ ከራዲያተሩ፣ የዘይት ቋቱም ከመሪው ዘንጎች በቂ ርቀት እንዳላቸው ያያል። ሞተሩን ወደ ኋላ 3 ዲግሪ ያህል ያዘነብለዋል፤ የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሻሉ መግቢያ ትይዩ ካልሆኑ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ የካርዳኑ ክሮቸራዎችም ቶሎ ያልቃሉ። መያዣ ብረቶቹን ሻንሲው ላይ በነጥብ ብየዳ ብቻ ያስይዝና ደግሞ ይለካል። የመቀመጫዎቹ ጎማዎች ሳይጣመሙ ክብደቱን መሸከማቸውን ሲያረጋግጥ፣ እንዳይቃጠሉ ፈትቶ ሙሉ ብየዳውን ይጨርሳል። ኮፈኑ ሲዘጋ ይህ ሁሉ ልፋት አይታይም። መኪናው ዳገቱን ሳይንቀጠቀጥ ሲወጣ ግን ምስጋናው የዚያ ትዕግሥተኛ እጅ ነው።