እንዚራ

ተክለ ሃይማኖት አደባባይ አካባቢ በተከራየናት ጠባብ ክፍል ከጓደኛዬ ጋር የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስንጀምር፣ የጨለማ ድምፅ የምንፈልገው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። ቤዙን እናወርዳለን፣ ዲስቶርሽን እንጭንበታለን፣ ሪቨርብ እናለብሰዋለን። የመጀመሪያ አልበማችንን ዛሬ ስሰማው ጩኸት አለው፤ ክብደት ግን የለውም።

መንገዱን የጠረጉልን ነበሩ። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕዶ ቀርጿል። ሙዚቀኞቹ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚባለውን አቅጣጫ አሳዩን፤ የሚካኤል «ዘላለም» እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ሳምንት ሙሉ ሌላ ነገር አልሰማንም። እኛ ግን ትምህርቱን አጣመምነው፤ የማሲንቆ ድምፅ ቆርጠን በቢት ላይ ለጌጥ እንለጥፍ ነበር።

ለአዲሱ አልበም በዐቢይ ጾም አንድ በገና ደርዳሪ ጋበዝን። ቅኝቱን ከጨረሰ በኋላ እንኳ መደርደር አልጀመረም። እንዚራዎቹን አንድ በአንድ ይነካካ ነበር። እንዚራ በአውታሩና አውታሩን በተሸከመው ብርኩማ መካከል የምትገባ ቁራጭ ቆዳ ናት። ትክክለኛ ቦታዋን ስትይዝ፣ አውታሩ በተርገበገበ ቁጥር ብርኩማውን ደጋግሞ ይነካል፤ ያ ጎርናና፣ ዝዝ የሚል የበገና ድምፅ የሚወጣው ከዚህ ነው። ከአንጀት የተሠራው ወፍራም አውታር ብቻውን ዝቅ ያለና የደበዘዘ ነው፤ ንክኪው ቀጫጭን ድምፆችን ሲጨምርበት ጆሮ አጥርቶ ይይዘዋል። በሶፍትዌር ስናሳድደው የኖርነው ዲስቶርሽን እዚህ በቆዳ ተሠርቶ ተቀምጧል!

በገና ዐሥር አውታር አለው፤ ሁሉም ግን አይደረደርም፣ ጥቂቶቹ ለጣት ማረፊያ ናቸው። ይህን ያየ ጓደኛዬ ከአንዱ ሥራችን ላይ ትራክ ይሰርዝ ጀመር። ባዶ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ሁለት ቀን ተከራከርኩት። ሲንተሳይዘሩ ዝም ባለበት ቦታ በገናው ሲገባ ስሰማ ክርክሬን ተውኩ።

ደርዳሪው የጠየቀን አንድ ነገር ነበር፦ «ይህ ጸሎት ነው፤ ከበሮ አትደርቡበት።» አልደረብንም። ለእኔ ከአልበሙ ሁሉ ጨለማው የሚከብደው እዚያ ክፍል ላይ ነው።

የተቀናበረውን ሊሰማ የመጣው በወሩ 24፣ ከተክለ ሃይማኖት ቅዳሴ መልስ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና «ሦስተኛው አውታር ላይ እንዚራዋ ተንሸራታለች» አለን። እኛ በዚያ ሁሉ ማዳመጫ አልሰማናትም። በማግስቱ ማይክራፎኑን ከበገናው ገበቴ አጠገብ መልሰን ተከልን።