ኮዳው የታለ?

እኔ የምለው፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው ጎልማሳ አሻንጉሊት ሲቀባ ቢያመሽ ምን ትሉታላችሁ? ባለፈው ክረምት ለንደን አንድ አብሮ አደግ ወዳጄ ዘንድ ሰንብቼ ነበርና ይህን ጥያቄ ይዤ ተመለስኩ። የወዳጄ ልጅ የተማረ ነው፤ ሥራ አለው፤ ደመወዝ አለው፤ ሲጋራ እንኳ አያጨስም። ማታ ከሥራ ሲመለስ ግን እራቱን ጎረስ ጎረስ አድርጎ ክፍሉ ይገባል። መብራቱን ያበራል፣ ከአውራ ጣት የማይበልጡ የፕላስቲክ ወታደሮቹን ይደረድራል፣ ቀጭን ብሩሹን ያነሣል፤ በቃ! እስከ እኩለ ሌሊት ድምፁ አይሰማም።

እናቱ ቡና እያፈላች፣ «ወንድሜ፣ እስቲ አንተ እንኳ ምከርልኝ። እኩዮቹ ልጅ ያሳድጋሉ፣ እሱ አሻንጉሊት ያሳድጋል» አለችኝ። አባቱ ነገሩን የያዘው በሌላ መንገድ ነው። እንግዳ ሲጠይቀው «ሥዕል ይሞክራል» ብሎ ያልፋል። ወደዚያ ክፍል ግን አይገባም። ለምን እንደማይገባ ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔም መካሪ ሆኜ ገባሁ፤ ተመልካች ሆኜ ቀረሁ። የዛሬው ጽሑፌም ምክር ሳይሆን ሂስ ነው። አዎ፣ በአሻንጉሊት ላይ ሂስ! (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሙያውን እንይ። ወታደሮቹ የሚገዙት እጅ ለብቻ፣ ራስ ለብቻ፣ ጋሻ ለብቻ ሆነው በፕላስቲክ ፍሬም ላይ እንደ ተንጠለጠሉ ነው። ይቆረጣሉ፣ በምላጭ ይፋቃሉ፣ በማጣበቂያ ይገጣጠማሉ። ሲቆሙ ቁመታቸው ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ቀለም እንዲይዙ መሠረት የሚሆን ቀለም ይነፋባቸዋል፤ ከዚያ ዋናው ቀለም በውኃ ቀጥኖ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀባል። ጀማሪ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ቸኩሎ ወፍራም ይቀባና የወታደሩን ፊት ገንፎ ያስመስለዋል። ቀጥሎ እንደ ሻይ የቀጠነ ጥቁር ቀለም ይፈስበታል፤ ወደ ስርጉድ ስርጉዱ ይወርድና ጥላ ይሆናል። በመጨረሻም ጉብ ጉብ ያለው ቦታና ጠርዙ በነጣ ቀለም ይነካል።

ይሄ ሁሉ ለምን? ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ትንሽ ነገር ላይ እውነተኛ ብርሃን በቂ ጥላ አይሠራም። ብርሃኑንም ጥላውንም እኔ መሳል አለብኝ» አለኝ። ልብ አድርጉልኝ፤ ይህ የሠዓሊ አነጋገር ነው። ክፍሉ ውስጥ የሌለ ፀሐይ ከላይ እንደሚያበራ አስቦ፣ ያንኑ ፀሐይ ስልሳ ወታደር ላይ በአንድ አቅጣጫ ማስቀመጥ ቀልድ አይደለም። የሁሉም አስቸጋሪው ደግሞ ዓይን ነው አለኝ። ይሄኔ የአገራችን የጥንት ሠዓሊዎች ትዝ አሉኝ። እነሱ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ጠላትን ግን በጎኑ አዙረው በአንድ ዓይን ነበር የሚሥሉት። ዓይን ሁልጊዜም ፍርድ ነው። የወዳጄ ልጅ ግን ከዚህ ጣጣ ተገላግሏል፤ ሠራዊቱ በሙሉ ዐፅም ነው!

እንዴት ዐፅም ሆነ? ለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ እንበል። ጦርነትን ጠረጴዛ ላይ መጫወት የሕፃናት ፈጠራ አይደለም። የፕሩሺያው መኮንን ራይስቪትስ በ1824 በካርታና በዳይስ የሚካሄደውን የጦርነት ጨዋታ ያቀረበው መኮንኖች እንዲሠለጥኑበት ነበር። በ1913 ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በአሻንጉሊት ወታደርና በአሻንጉሊት መድፍ የሚካሄድ ጨዋታ ደንብ ጽፎ በመጽሐፍ አሳተመ። ጦርነት ካማራችሁ ከትልቁ ይልቅ ትንሹ ይሻላል የሚል ሐሳብ ነበረው። በዓመቱ ትልቁ መጣ።

ዛሬ ዓለምን ያዳረሰው ግን ዋርሃመር የሚባለው ነው። ጌምስ ወርክሾፕ በ1975 ለንደን ውስጥ ሲመሠረት በሦስት ጓደኛሞች የተጀመረ ነበር። በ1983 ብራያን አንሴል፣ ሪቻርድ ሃሊዌልና ሪክ ፕሪስትሊ የዋርሃመርን የመጀመሪያ ደንብ ሲያወጡ ነጋዴያዊ ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ጨዋታ ካለ ወታደር ይሸጣል። ተሸጠ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ኖቲንግሃም የሆነው ኩባንያ በታኅሣሥ ወር 2024 በለንደን የአክሲዮን ገበያ ከ100ዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ተርታ ገባ። ዋጋቸውንማ አትጠይቁኝ፤ እናቲቱ ሰምታ ቡናው ገንፍሎባታል።

ይህ ዓለም ካርታ አለው። ካርታው ደግሞ የእኛኑ ምድር ነው የሚመስለው። መካከል ላይ ጀርመንን የሚመስል ግዛት፣ ከጎኑ ፈረንሳይን የሚመስሉ ባላባቶች፣ ከሰሜን ምሥራቅ ሩሲያን የሚመስል ብርዳም አገር፣ ከሩቅ ምሥራቅ ቻይና። ወደ ደቡብ ሲወረድ ግብፅን የሚመስል በረሃ አለ፤ ነዋሪዎቹ ግን የሞቱ ነገሥታትና የዐፅም ጭፍሮቻቸው ናቸው። ከዚያም በታች አፍሪካን የሚመስል ጫካ አለ፤ እዚያ የሚኖረው ሠራዊት የእንሽላሊት ነው። «ታዲያ አንተ ለምን ዐፅሞቹን መረጥክ?» ብለው፣ «የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ካርታው ላይ ወደ እኛ የሚቀርቡት ሰዎች እነሱ ነበሩ» አለኝ። ሳቅሁ። ኋላ ግን ሳቄ አላማረኝም።

እንግሊዞች በዚህ በኩል የቆየ ልማድ አላቸው። በ1826 ሃዎርዝ በምትባል መንደር አንድ ቄስ ለልጃቸው ለብራንዌል ብሮንቴ አሥራ ሁለት የእንጨት ወታደሮች ገዙለት። እሱና እኅቶቹ ሻርሎት፣ ኤሚሊና አን ወታደሮቹን ተከፋፍለው ስም አወጡላቸው፤ የሻርሎት ዌሊንግተን ሆነ፣ የብራንዌል ቦናፓርት። ቀጥለውም አገር ሰጧቸው፤ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ! ለወታደሮቹ ቁመት የሚመጥኑ ደቃቃ መጻሕፍት በጥቃቅን ፊደል ጻፉላቸው። ሻርሎትና ኤሚሊ ኋላ በ1847 እነ «ጄን ኤር»ንና «ዉዘሪንግ ሃይትስ»ን ያሳተሙት ታላላቅ ደራስያን ናቸው፤ ብዕራቸውን ያሟሹት በእነዚህ ወታደሮች ነው። ግን የአሻንቲ ሰዎች በዚያ ተረት ውስጥ ምን ሆነው ገቡ? የሚወጉ ጠላቶች ሆነው። ለሠራዊቱ ታሪክ የፈጠረ ሁሉ ጠላትም መፍጠሩ አይቀርም። የጻድቁ ሁለት ዓይን የሚያምረው ሌላው አንድ ዓይን ስለ ጎደለው ነው። የዚህ ጨዋታ የመጀመሪያው ጉድለት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የአጻጻፍ ነው። ተጫዋቾች ለየሠራዊታቸው የሚጽፉትን ታሪክ ልጁ እየከፈተ አስነበበኝ። የአብዛኛው ቅርጽ አንድ ነው። ሠራዊቱ ከሺሕ ዓመት በፊት ተመሠረተ፣ ተከዳ፣ ተበተነ፣ አሁን ሊበቀል ተመለሰ። አለቃው አይሸነፍም፣ ሰይፉ ስም አለው፣ ጠላቱ ይንቀጠቀጣል። አሥር ገጽ! የእኛ አባቶች ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ይጨርሱት ነበር፤ በፈረስ ስም። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ። ሰውየውም፣ ጠባዩም፣ ዛቻውም እዚያው ውስጥ አለ። ፎካሪ እንኳ ትንፋሽ ይሰበስባል እንጂ እስከ ማለዳ አይፎክርም።

የልጁ ደብተር ግን ሌላ ነው። አራት ገጽ ብቻ። ሠራዊቱ የታላቅ ንጉሥ ሠራዊት አይደለም፤ በረሃ ውስጥ የአንድ የውኃ ጉድጓድ ጠባቂዎች ናቸው። በኩባንያው ተረት መሠረት የዚያ አገር ነገሥታት ሲሞቱ በወርቅ አካል፣ በገነት ውስጥ ትነሣላችሁ ተብለው ነበር፤ ሲነሡ ግን ዐፅም ሆነው ተገኙ። ልጁ በዚህ ላይ የጨመረው ይህን ነው፤ እነዚህኞቹ ሲነሡ ጉድጓዱ ደርቋል። እንሂድ የሚላቸው አለቃ ስለሌለ እስከ ዛሬ ደረቁን ጉድጓድ ይጠብቃሉ። ጋሻቸው ላይ የተቀባው ሰማያዊ መስመርም ቁልቁል በሄደ ቁጥር እየደበዘዘ ነው የሚሄደው። ቀለሙና ታሪኩ አንድ ነገር ሲናገሩ ያየሁት እዚህ ነው። ውድድር ላይ ከሚቀርቡት፣ ጠርዛቸው ሁሉ እንደ መስታወት ከሚያብለጨልጩት ምስሎች ፎቶግራፍ ይልቅ ይሄ ደብዛዛ መስመር ይበልጥብኛል። እዚያ የእጅ ችሎታ ሞልቷል፤ የት ማቆም እንደሚገባ ማወቅ ግን ሌላ ችሎታ ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ ጉድለት የልጁ አይደለም። ይህን ሁሉ ታሪክ የሚሠራው በኪራይ ቤት ውስጥ ነው። ኪራይ ቤት የኖረ ያውቀዋል፤ ግድግዳውን ብትቀባም፣ ጓሮውን ብታለማም፣ አንድ ቀን ባለቤቱ ይመጣል። በ2015 መጣ። ኩባንያው ያንን የ1983ቱን ዓለም በተከታታይ መጻሕፍት አፍርሶ በሌላ ጨዋታ ተካው። ብዙም ሳይቆይ የዐፅም ነገሥታቱም ከሱቅ መደርደሪያ ወረዱ። አንዱ ተጫዋች ተናድዶ ዓመታት የደከመበትን ሠራዊት በእሳት ሲያቃጥል ራሱን ቀርጾ ለዓለም አሳየ። የኛ ልጅ አላቃጠለም፤ በጫማ ካርቶን አድርጎ አልጋ ሥር ከተተው። የሚገርመው፣ ኑልን የምትባለው ከተማ ከነዓለሟ ስትጠፋ፣ በስሟ የተጠራው ጥቁር ቀለም ግን መሸጡን አላቆመም። አገር ይፈርሳል፣ ቀለሙ ይሸጣል! በጥር 2024 ደግሞ ኩባንያው ያንኑ ዓለም፣ ከጥፋቱ በፊት በነበረው ዘመን፣ መልሶ ገበያ ላይ አዋለው። ከመጀመሪያዎቹ ተመላሾች አንዱ የዐፅሞቹ ሠራዊት ነበር። ካርቶኑም ከአልጋ ሥር ወጣ።

እንግዲህ ወደ አባትየው ልመለስ። ወዳጄ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ሰሜን ከዘመቱት ልጆች አንዱ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ያወራ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ዘመን ለሚስቱም፣ ለእኔም፣ ለልጁም ተናግሮ አያውቅም። ልጁ በአሥራ ሁለት ዓመቱ «አባዬ፣ ወታደር ነበርክ?» ብሎት ነበር አሉ። «ተወው» አለው። ልጁ ተወው። በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን ካርቶን ዐፅም ገዛ።

ስልሳው ወታደር መካከል አንድ ጦር የሌለው አለ። እናቱ ስትጠርግ በመጥረጊያ መታ ጥላው ጦሩ ተሰበረ። ሌላ ጦር መለጠፍ ይቻል ነበር። ልጁ ግን ከሰልፉ አውጥቶ ብቻውን በአንድ ጥግ አቆመውና ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ጨመረለት፤ ውኃ ሊቀዳ ተልኮ የተመለሰው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፣ ያየውንም ለማንም አልተናገረም። እኔ ሃያሲ ነኝ ባይ፣ ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀው የቱ ነው ብትሉኝ ይህንን እጠቁማለሁ። ለምን እንዲህ ጻፍክ ብዬ ግን አልጠየቅሁትም። አንዳንድ ጥያቄ ከሂስ ድንበር ውጭ ነው።

ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ ወዳጄን ስለ ጉድጓድ ጠባቂዎቹ አወራሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ማታ ልጁ ሲቀባ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ሳለ በሩ ተከፈተ። መነጽሩን አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰ። ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ቃኘው። ከዚያ ያንን ጦር የሌለውን አነሣና መብራቱ ሥር ገለበጠው።

«ኮዳው የታለ?» አለ።

«ምን?»

«ኮዳ። ውኃ የሚይዝበት። ውኃ ሊቀዳ የተላከ ሰው ያለ ኮዳ ይሄዳል እንዴ?»

ልጁ ኮዳ ምን እንደሆነ አላወቀም። አባቱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቅርጹን በጣቱ አየር ላይ ሣለለት። የሚለብሰው ጨርቅ ውኃ ከነካ ውስጡ ያለው ቀዝቃዛ ሆኖ እንደሚቆይ፣ በየት በኩል እንደሚንጠለጠል፣ ባዶ ሲሆን ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ ነገረው። ልጁ «በቀኝ ነው በግራ?» ይላል፣ አባትየው ተነሥቶ በወገቡ ያሳየዋል። ስለ ጦርነቱ አንድም ቃል አልወጣውም። የተወራው ኮዳ ብቻ ነው። ወደ ሰባት ሰዓት ሲሆን እኔ ሄጄ ተኛሁ።

ይህ ጨዋታ ጦርነትን ያለ ረሃብ፣ ያለ ስደተኛ፣ ያለ እናት የሚያሳይ ነውና የሚነቀፍበት ብዙ አለው። ነቀፌታዬን አላነሣም። ግን አንድ ትንሽ ዐፅም ያለ ጦር መቆሙ አርባ ዓመት የተዘጋ አፍ በዚህች ያህል ከከፈተ፣ «አሻንጉሊት» ብዬ ለማለፍ ይከብደኛል።

ከወር በኋላ ፎቶግራፍ ደረሰኝ። ጦር የሌለው ዐፅም በግራ ወገቡ ከማሸጊያ ሊጥ የተሠራች፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ኮዳ አንጠልጥሏል። ጨርቋ አረንጓዴ ነው፤ ከታች በኩል ጠቆር ያለች፣ ውኃ የነካት ትመስላለች። ከሥሩ እናቲቱ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦

«ወንድሜ፣ መካሪ ብዬ ብልክህ አሁን ሁለት ሆነው ያመሻሉ። ማንን ትመክርልኛለህ?»