ከሻፈርታክ እስከ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ፦ በበላይ ዘለቀ ዙሪያ ዘወትር የሚነሡ ጥያቄዎች

ስለ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ትውልድ ቢፈራረቅም አይለወጡም። የተወለደው የት ነው? ለምን ሸፈተ? ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ ዓባይን ሲሻገር ለምን አላገደውም? አምስት ዓመት የተዋጋ አርበኛ በነጻነት ማግስት እንዴት በገዛ መንግሥቱ ይሰቀላል? እነዚህ ጥያቄዎች በደብረ ማርቆስ፣ በብቸናና በደጀን በለቅሶ ቤትም በጠጅ ቤትም ይነሣሉ፤ የታሪክ መምህር ክፍል ሲገባም ተማሪዎቹ እነዚሁኑ ይጠይቁታል። መልሱ ግን እንደ መላሹ ነው። አንዱ ወገን በላይን ከነቀፋ ሁሉ ሊጠብቀው ይጥራል። ሌላው ደግሞ ለመንግሥት አልገዛም ያለ ሽፍታ አድርጎ ያልፈዋል።

ሁለቱም ወገኖች አንድ የጋራ ድክመት አላቸው፤ ነገሩን ሁሉ የሰውየው ጠባይ ያደርጉታል። ጀግና ነበር ወይስ እልኸኛ፣ የዋህ ነበር ወይስ ተንኮለኛ በሚል ክርክር ይጠመዳሉ። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ስንመረምራቸው ግን ሁሉም ወደ አንድ ጉዳይ ያደርሱናል፦ አገር ያለ መንግሥት በቆየችበት ዘመን ከሕዝብ መካከል የበቀለ ሥልጣን፣ መንግሥት ሲመለስ ቦታው የት ነው? በ1933 ዓ.ም. የተመለሰው መንግሥት ለዚህ ጥያቄ መልስ አላዘጋጀም ነበር። የበላይ ሕይወትም ሞትም የዚያ መልስ ማጣት ውጤት ነው።

የምስክሮቹ ነገር

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት መረጃው ከማን እንደመጣ እንይ። የመጀመሪያው ምንጭ የአፍ ታሪኩ ነው፤ ፉከራው፣ ቀረርቶው፣ የአልቃሾች ግጥምና የአርበኞች ልጆች ትረካ። ይህ ምንጭ በላይን ከልብ ይወዳል፤ ሕዝቡ ምን እንደተሰማው ለማወቅም የሚተካከለው የለም። ቀንና ቅደም ተከተል ላይ ግን አይጨነቅም። ሁለተኛው የእንግሊዝ መኮንኖች ማስታወሻ ነው። ቀንና ቦታ በጥንቃቄ ይመዘግባል፤ ሆኖም አርበኞችን የሚመዝነው ለእንግሊዝ የጦር ዕቅድ በሰጡት አገልግሎት ነው። ሦስተኛው የቤተ መንግሥት ሰዎች አተራረክ ሲሆን፣ ስለ ሥርዓትና ስለ ታዛዥነት ብዙ ይነግረናል፤ ያልታዘዘው ሰው ምን ብሎ እንዳሰበ ግን እምብዛም አይነግረንም። አንዱን ምንጭ ብቻ ይዞ የሚፈርድ ሰው በላይን ሳይሆን የምንጩን ፍላጎት ነው የሚደግመው።

ልደቱና የሽፍትነቱ መነሻ

አባቱ ባሻ ዘለቀ ላቀው የጎጃም ሰው፣ እናቱ ወይዘሮ ጣይቱ አሰኔ የወሎ ቦረና ሴት ናቸው። የትውልድ ቦታው ክርክር የሚነሣውም ከዚህ ነው፤ ጎጃምም ወሎም የኔ ነው ይላሉ። ለታሪክ አስተዋይ ግን ዋናው ቁም ነገር ዓባይ ለዚያ ቤተሰብ ድንበር አለመሆኑ ነው። በወረራው ዘመን የበላይ ጦር ከወንዙ ወዲያና ወዲህ እንደልቡ የተንቀሳቀሰው በሁለቱም በኩል ዘመድ፣ ስንቅና መሸሸጊያ ስለነበረው ነው።

ባሻ ዘለቀ የልጅ ኢያሱ ሰው ነበር። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የሳቸው ሰው የነበረ ሁሉ ተጠራጣሪና ተጠርጣሪ ሆነ። የአፍ ታሪኩ እንደሚለው ባሻ ዘለቀን የመንግሥት ሰዎች ገደሉት፤ አስከሬኑም ለመቀጣጫ ተሰቀለ። ልጁ ይህን እያየ አደገ፤ ለአካለ መጠን ሲደርስም የአባቱን ደም ለመመለስ ጫካ ገባ። እዚህ ላይ ዘመናዊ አንባቢ እንዳይሳሳት መጠንቀቅ ያስፈልገዋል። በጎጃም ደጋ መሸፈት ሁልጊዜ ወንበዴነት ማለት አልነበረም። ዳኛ የነፈገውን ፍርድ በነፍጥ የሚጠይቅበት፣ ኅብረተሰቡም ልኩን የሚያውቀው መንገድ ነበር። ሸፍቶ ምሕረት ያገኘና የተሾመ ብዙ ነው። በላይ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የተማረው ትምህርት ይኸው ነው፤ ሥልጣን የሚያከብረው ራሱን ያስከበረን ሰው ነው።

ጣሊያን ሲገባ ይህ ችሎታ አገር መጠበቂያ ሆነ። በብቸናና በአካባቢው በላይ ጦር መራ፣ ዳኝነት አየ፣ ለጦሩ ስንቅ የሚሰበሰብበትን ሥርዓት ዘረጋ፣ ለተከታዮቹም ማዕረግ ሰጠ። በጎጃም ስማቸው ከገነነው የአርበኞች አለቆች መካከል ልጅ ኃይሉ በለውና ነጋሽ በዛብህ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጆች ነበሩ። በላይ ከዚያ ቤት አይደለም። ሌላው በዘሩ ያገኘውን እሱ በጠመንጃው አመጣው። ይህን ልዩነት ካልያዝን ቀጥሎ የመጣው ሁሉ አይገባንም።

ሻፈርታክ

ለበላይ ወዳጆች ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። መጋቢት 26 ቀን 1933 ዓ.ም. የጣሊያኑ ኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦሩን ይዞ ደብረ ማርቆስን ለቀቀ። ከጦሩ ጋር ብዙ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 28፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ በዚያው ቀን ከደቡብ የመጣው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን ያዘ። የማራቬንታኖ ሰልፍ ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ሻፈርታክ ላይ ዓባይን መሻገር ነበረበት።

የደጀንን ቁልቁለት ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሜዳው ድንገት ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ግድግዳ የመሰለ ዐለት። ወንዙ ዘንድ ሲደርሱ ሙቀቱ የቆላ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ላይ መውጣት አለ። በዚህ ቦታ ጥቂት ተኳሾች ብዙ ጦር ሊያጉላሉ ይችላሉ። አገሩን የያዘው ደግሞ በላይ ነበር። ይሁን እንጂ የጣሊያን ሰልፍ ያን ያህል ሳይጎዳ ተሻገረ። እጁን የሰጠው ግንቦት 15 ቀን፣ ወሎ ውስጥ አጅባር ላይ ነው።

በዚያ ጊዜ ከበላይ ዘንድ የተላከው እንግሊዛዊ መኮንን ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነበር፤ አዲስ አበባ እንግሊዝ ሌጋሲዮን ውስጥ የተወለደ፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው። በ1987 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ በላይ ያላጠቃው ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በጋብቻ ተስፋ ስላባበሉት ነው የሚለውን ማብራሪያ እናገኛለን። ራስ ኃይሉ በዚያን ጊዜ በጣሊያኖች ተልከው ደብረ ማርቆስ ነበሩ።

ይህን ምስክርነት እንዴት እንመዝነው? ቴሲጀር ስለ ድርጊቱ ጥሩ ምስክር ነው፤ በቦታው ነበር፣ ጥቃት እንዳልተሰነዘረም አይቷል። ስለዚህ ነገሩ ጨርሶ አልሆነም ማለት አያዋጣም። ስለ ምክንያቱ ግን የሚነግረን የሰማውንና የገመተውን ነው፤ በበላይና በራስ ኃይሉ መካከል ያለፈውን ቃል ቆሞ አልሰማም፤ መጽሐፉም የታተመው ነገሩ ከሆነ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

እስቲ ደግሞ የጋብቻው ነገር እውነት ነው እንበል። ምን ያስረዳናል? ወዳጆቹ እንደ ስድብ፣ ነቃፊዎቹ እንደ ስግብግብነት ይወስዱታል። እኔ ከዚህ የተለየ ነገር ይታየኛል። መጋቢት 1933 ላይ ነገ ጎጃምን ማን እንደሚገዛ ማንም በእርግጠኝነት መናገር አይችልም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ገና እየደረሱ ነው፤ እንግሊዞች ምን እንዳሰቡ አይታወቅም፤ የጎጃም ቤት ራስ ደብረ ማርቆስ ተቀምጠዋል። ዘር የሌለው አርበኛ በጦርነት ያገኘውን ሥልጣን በሰላም ጊዜ ሊያጸናበት የሚችለው የታወቀ መንገድ ወደ ገዢው ቤት በጋብቻ መግባት ነበር። የሻፈርታክ ዝምታ የአንድ ሰው ድክመት ሊሆን ይችላል፤ ይበልጥ ግን የጎጃም የሥልጣን ሥርዓት እንደ በላይ ላለ ሰው ምን ያህል ጠባብ በር እንደተወለት ያሳያል። ለማራቬንታኖ መሻገር በላይን መጠየቅ ተገቢ ነው። ያን ሥርዓት ሳይጠይቁ በላይን ብቻ መጠየቅ ግን ፍትሕ አይደለም።

ከብቸና እስከ መስቀያው

ከነጻነት በኋላ በላይ የደጃዝማችነት ማዕረግና የብቸና ግዛት ተሰጠው። ኃይሉ በለው ራስ ሆኑ፤ ነጋሽ በዛብህና ሌላው የጎጃም አርበኛ መንገሻ ጀምበሬ ቢትወደድ ተባሉ። በደረጃው መሰላል ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ቅሬታው ግን የማዕረግ ብቻ አልነበረም። አምስት ዓመት ራሱ ሲሾምና ሲሽር የኖረ ሰው አሁን የማዕከላዊ መንግሥት ተሿሚ ሆኖ በደመወዝና በትእዛዝ እንዲያድር ተጠየቀ። ዘመኑ መንግሥት ግብርን፣ ሠራዊትንና ሹመትን በአንድ እጅ ለመጠቅለል የተነሣበት ነው። የጎጃም ገበሬ ደግሞ የግብር አዋጁን የርስቱ መነጠቂያ መጀመሪያ አድርጎ ፈራው። በላይ በ1935 ዓ.ም. ከመንግሥት ጦር ጋር ተጋጭቶ ሶማ ላይ መሸገ፤ በመጨረሻም እጁን ሰጥቶ አዲስ አበባ ተወሰደ። ሞት ተፈርዶበት ወደ እስራት ተለወጠለት። ከእስር አምልጦ ተያዘ፤ በጥር 1937 ዓ.ም. ከወንድሙ ከእጅጉ ዘለቀ ጋር ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተሰቀለ።

አብሯቸው የተሰቀለው ሦስተኛው ሰው ልጅ ማሞ ኃይሉ፣ የራስ ኃይሉ ልጅ ነው፤ በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጎን የተሰለፈ። አርበኛውና ባንዳው በአንድ መስቀያ፣ በአንድ ጥፋት ሞቱ። የተመለሰው መንግሥት ሚዛን በዚህ ይታያል። ለፍርዱ ወሳኝ የሆነው በአምስቱ ዓመት ማን ከማን ጋር ነበር የሚለው አልነበረም፤ ዛሬ ማን ለዙፋኑ ያሰጋል የሚለው ነበር። በዚህ ሚዛን ራስ ኃይሉ ከሞት ተረፉ፤ በላይ አልተረፈም።

ይህን ስል ንጉሠ ነገሥቱ የነበሩበትን ጭንቀት ችላ አልልም። እንግሊዞች አገሩን በሞግዚትነት ለመያዝ እንደማይፈልጉ ዋስትና አልነበረም፤ በ1935 በትግራይ የተነሣው ዓመፅም ትዝታው ትኩስ ነበር። አንድነቱ የላላ መንግሥት ለውጭ ኃይል ሰበብ እንደሚሆን ያምኑ ነበር። ስቅላቱ ከተፈጸመ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ስዌዝ ቦይ ላይ ኩዊንሲ በተባለው የጦር መርከብ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። ከእንግሊዝ ጥላ ለመውጣት አዲስ ወዳጅ እየፈለጉ ነበር። ጭንቀቱ ድርጊቱን ያስረዳል፤ ነጻ ግን አያወጣውም። ዕድሜ ልክ እስራት፣ ግዞት፣ ምሕረት፣ ሁሉም በዚያ ዘመን የታወቁ መንገዶች ነበሩ፤ ለራስ ኃይሉም ሠርተዋል።

ከስቅላቱ በኋላ የቀጠለው ጥያቄ

መስቀያው ጉዳዩን አልዘጋውም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ጎጃም እንደገና ተነሣ፤ በላይ ያስተዳደራት ብቸና ከዋናዎቹ የዓመፅ አውራጃዎች አንዷ ነበረች። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ቢልክም በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን አነሣ፤ ውዝፍ ግብሩንም ተወ። በላይ ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ያው አገር ያንኑ ጠየቀ፦ እኛን ሳታማክሩ በእኛ ላይ የምታዝዙት በምን መብት ነው? የበላይ ታሪክ የአንድ ቅር የተሰኘ ሹም ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ አይከተልም ነበር።

ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል፤ አዲስ አበባ ውስጥ መንገድና ትምህርት ቤት ተሰይሞለታል። ክብሩ ይገባዋል። ስም መስጠት ግን ጥያቄን ከመመለስ ይቀልላል። እዚህ ላይ ሩዝቬልትን መልሼ ላንሣ። የሱ ሰነዶች የሚጠበቁበት ቤተ መጻሕፍት በትውልድ ቦታው በሃይድ ፓርክ የተመረቀው እንደ እኛ አቆጣጠር ሰኔ 1933 ነው፤ ማራቬንታኖ አጅባር ላይ እጁን በሰጠ በአንድ ወር ግድም። አሜሪካውያን ዛሬም ስለ ሩዝቬልት ከባድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ጃፓናዊ ዝርያ ያላቸውን ሰዎች ከቤታቸው አስወጥቶ በካምፕ ያስገባውን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የ1942 ትእዛዝ ጨምሮ። ጥያቄው ትልቅነቱን አላጠፋውም፤ ተከራካሪዎቹም የሚመለሱበት ሰነድ አላቸው።

ለበላይም የሚገባው ይኸው ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተባት ከተማ በ1933 ነገሩ የጀመረባት ከተማ ናት። የአርበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች የያዙት ትረካ፣ ደብዳቤና ፎቶግራፍ በሥርዓት ይሰብሰብ። ፉከራውና ሙሾው ከነተናጋሪው፣ ከነቦታው ይመዝገብ። የፍርዱ መዝገብ ለተመራማሪ ይከፈት፤ ክሱ፣ ምስክሩና የተከሳሹ ቃል ጎን ለጎን ይታተም። የእንግሊዝ መኮንኖች ማስታወሻም ተተርጉሞ ከጎጃም አፍ ታሪክ ጋር ይገናዘብ። በላይ በሕይወቱ ሳለ የተሰማበት ፍርድ የመንግሥት ፍርድ ብቻ ነበር። እኛ ልንሰጠው የምንችለው ትልቁ ክብር መዝገቡን ሙሉ አንብቦ የሚፈርድ አንባቢ ነው፤ በሻፈርታክ የሚጠየቅበትንም፣ በተክለ ሃይማኖት አደባባይ የተበደለውንም ሳይደብቅ።