ከባለቅኔ ወደ ባለቅኔ

አንድ ባለቅኔ ብቻ የሚወድ ወጣት የዚያን ሰው ድምፅ የግጥም ሁሉ ድምፅ አድርጎ ይቈጥረዋል። ስለዚህ የከበደ ሚካኤልን ምክር የለመደ ጆሮ፣ በ1966 ዓ.ም. የታተመውን የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «እሳት ወይ አበባ» ሲከፍት ይደናገራል። ወል ቤት የሚባለው የቈየው ስልት ስንኙን ስድስት ስድስት ቀለም አድርጎ ለሁለት ይከፍለዋል፤ የጸጋዬ ቤት ግን ስምንት ስምንት ነውና ረዥም ትንፋሽ ይጠይቃል። ሁለቱን ጐን ለጐን ዘርግተህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ብታነብ፣ መምህር ሳያሻህ ጆሮህ ራሱ ይለየዋል። ከበደ ሚካኤል እንደ አባት ያስተምራል፤ አንዳንድ ጊዜም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትምህርቱ ግጥሙን ይጫነዋል። ጸጋዬም ቃል ሲያከብድ አንባቢውን ወደ ኋላ ጥሎት የሚሄድበት ጊዜ አለ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ደግሞ ሠዓሊም ነበረና በዓይኑ ይገጥማል። እንግዲህ ፈተና የሌለብህን ቀን መርጠህ መጽሐፉን ከመካከሉ ግለጠው፤ ያልጣመህን እለፈውና ወደ ሌላው ተሻገር።