ኮታው ከአሰቦት ሲታይ

በራዲዮ ለአገር ውስጥ ዘፈን በሕግ ድርሻ ይከለልለት የሚሉ ወገኖች የሚጠቅሱት ምሳሌ አያጡም። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1971 በመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎቿ 30 በመቶ ለካናዳውያን ሙዚቃ፣ ፈረንሳይም ከ1996 ጀምሮ 40 በመቶ ለፈረንሳይኛ ዘፈን መድበዋል። በእኛም አገር በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ከሳምንቱ ሥርጭት ቢያንስ 60 በመቶው ለአገራዊ ፕሮግራም እንዲውል አዝዞ ነበር። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1238 ተተክቷል።

እኔ ኮታን አልቃወምም። ጥያቄዬ «የአገር ውስጥ» ሲባል አገሩ ከየት ይጀምራል የሚል ነው።

እስቲ ነገሩን አሰቦት ሆነን እንመልከተው። አሰቦት በአሮጌው የጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ ያለች የምዕራብ ሐረርጌ ከተማ ናት። አካባቢው የኢቱ ኦሮሞ፣ የኢሳ ሶማሌና የአፋር አርብቶ አደር የሚጎራበቱበት ነው። ጅቡቲ የተቀረጸ የሶማልኛ ዘፈን በኮታው ሚዛን «የውጭ» ነው። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ በተዋሰ ምትና በእንግሊዝኛ አዝማች የተሠራው ግን ያለ አንዳች ጥያቄ «የአገር ውስጥ» ይባላል። ለመሆኑ ለአሰቦት ጆሮ ባዳው የትኛው ነው?

ታሪክም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። አሊ ቢራን ያፈራው የአፍረን ቀሎ ጓድ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ሲቋቋም፣ ኦሮምኛ በራዲዮም ሆነ በመድረክ ይህ ነው የሚባል ቦታ አልነበረውም። በአየር ላይ የአገር ዘፈን ጠፍቶ ግን አይደለም፤ አማርኛው ሞልቶ ነበር። ያኔ 60 ቀርቶ 90 በመቶ ኮታ ቢታወጅ እንኳ አሊን ወደ ማይክሮፎኑ አንድ ስንዝር ባላቀረበው።

«የአካባቢው ዘፈን የት ተቀርጾ ይሰማ?» የሚል ሙግት ይነሣ ይሆናል። ሙግቱ እውነት አለው። በየሠርጉ የሚጨፈረው ሸጎዬ አሳታሚ የለውም። መፍትሔው ግን ጣቢያው መቅረጫውን ይዞ ወደ ባለሙያዎቹ መሄዱ ነው። ኮታ የሚያወጣም አካል ከድርሻው የተወሰነው ሥርጭቱ በሚደርስበት አካባቢ ለተቀረጸ ሥራ እንዲውል ያዝዝ። ያለዚያ ኮታው የሚጠብቀው ገበያ የወጣውን ብቻ ነው፤ ያልተቀረጸው ሸጎዬ ከዘፋኞቹ ጋር ያረጃል።