በእግዚአብሔር ደስ ስለ መሰኘት፤ በመዝሙር 36 (37) ቍጥር 4 ላይ የተደረገ ምርመራ

ጹም፥ ስገድ፥ ምጽዋት ስጥ ተብሎ የታዘዘ ሰው ትእዛዙን ቢወድም ባይወድም ሊፈጽመው ይችላል፤ ሆዱ እያጉረመረመ መጾም፥ ልቡ ሳይፈቅድ እጁን መዘርጋት ይሆንለታልና። ደስ ይበልህ የተባለ ሰው ግን በምን ኀይል ይታዘዛል? መዝሙረኛው በ36ኛው፥ በዕብራውያን አቈጣጠር በ37ኛው መዝሙር፥ በእግዚአብሔር ደስ መሰኘትን ትእዛዝ አድርጎ ተናግሮታል። ብዙ ሰባክያን የቍጥሩን ኋለኛ እኩሌታ፥ ማለት ስለ ልብ መሻት የተሰጠውን ተስፋ ይዘው ስለ ሀብትና ስለ ሹመት ይሰብካሉ፤ ፊተኛውን እኩሌታ እንደ ዋጋ ከፍለው ኋለኛውን የሚገዙ ይመስላቸዋል። ስለ እነዚህ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

ፊተኛውን እኩሌታ አክብረው ከጻፉት አንዱ አሜሪካዊው ጆን ፓይፐር ነው። ይህ ሰው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ከ1980 እስከ 2013 ዓ.ም. በሚኒያፖሊስ ከተማ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነበረ። በ1986 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እግዚአብሔርን መናፈቅ» እንደ ማለት ነው። ለአሳቡ መነሻ ከሆኑት አንዱ እንግሊዛዊው ጸሓፊ ሉዊስ በጦርነቱ ጊዜ፥ በ1941 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ያሰማው ስብከት ነው። መጽሐፉ የሚቃወመው፥ ሰው ደስታውን ፈልጎ ያደረገው መልካም ሥራ ዋጋ የለውም፥ ምግባር የሚባለው ለግዴታ ብቻ የተደረገው ነው የሚለውን የቆየ አስተያየት ነው። ባል በጋብቻቸው መታሰቢያ ቀን ለሚስቱ አበባ ይዞ ቢመጣና፥ ስታመሰግነው ግዴታዬ ነው ብሎ ቢመልስላት፥ ስጦታው ስድብ ይሆናል ብሎ ይመስላል። በዚህ እውነቱን ተናግሯል። ፊቱን አጥቍሮ ገበታ የሚያቀርብ ሰው እንግዳውን አከበረ የሚል የለምና።

የመዝሙሩም ቃል ለእርሱ ይመሰክራል፤ እንዲያውም እርሱ ካለው ይልቅ ይበረታል። በዕብራይስጡ የተጻፈው ግስ ተራ ደስታን የሚያመለክት አይደለም። በኦሪት ዘዳግም 28፥ 56 ከምቾቷ ብዛት የተነሣ እግሯን በምድር ላይ ልታኖር የማትደፍረው ሴት የተነገረችው በዚሁ ግስ ነው። በአማርኛ ቅምጥል የምትባለው ማለት ነው። እንግዲህ መዝሙረኛው በእግዚአብሔር ተቀማጠል ማለቱ ነው። ይህንስ ለማን ተናገረው? በቍጥር 1 የክፉዎችን መሳካት እያየ ለሚቀና፥ በቍጥር 16 ጥቂት ብቻ ላለው ጻድቅ። ባለጠጋው በቤቱ ሲቀማጠል እያየ አንጀቱ የሚቃጠለውን ድኻ፥ አንተም የምትቀማጠልበት አለህ ይለዋል። ትእዛዙ ብቻውን አልቆመም፤ በፊቱ መልካም አድርግ የሚል (ቍ. 3)፥ በኋላው ዝም ብለህ ጠብቅ የሚል (ቍ. 7) አለ። ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 ያንኑ ግስ መልሶ ሲያመጣው በቍጥር 14 ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ እንጀራን ለተራበ መቍረስ፥ የተራቈተን ማልበስ ተቈጥሯል። እንዲህ ያለው ተድላ ጥቂት የያዘ ሰው ከጥቂቱ ቈርሶ፥ ቀኑንም እየጠበቀ የሚያገኘው ነው እንጂ፥ ሰው ደስታን አሳድዶ የሚይዘው አይደለም።

የፓይፐር መጽሐፍ የሚነቀፍበት መጀመሪያ ስሙ ነው፤ ትምህርቱን «ክርስቲያናዊ ሄዶኒዝም» ብሎ ጠራው። ሄዶኔ በግሪክ ቋንቋ ተድላ ማለት ነው። ቃሉ በሐዲስ ኪዳን አምስት ጊዜ ይገኛል፤ በሉቃስ 8፥ 14፥ በቲቶ 3፥ 3፥ በያዕቆብ 4፥ 1 እና 3፥ በ2ኛ ጴጥሮስ 2፥ 13። በአምስቱም ስፍራ የተነገረው በክፉ ነው። መልአኩ ለእረኞች ያበሠረው ደስታ (ሉቃ. 2፥ 10) ሌላ ቃል ነው፤ ካራ ይባላል፤ የግእዙ ፍሥሐ ከእርሱ ጋር ይስማማል። ጸሓፊው ስለ ስሙ በመጽሐፉ መጨረሻ መልስ ሰጥቷል፤ ሰውን ለማስደንገጥና ለማንቃት ይጠቅማል ባይ ነው። ነገር ግን የሚያስደነግጥ ስም ለአንድ ቀን ያነቃል፤ ከዚያ በኋላ ይለመድና ትርጕሙ ብቻ ይቀራል።

ሁለተኛው ነቀፋ ከዚህ ይጠልቃል። በ1647 ዓ.ም. በዌስትሚንስተር የተዘጋጀው አጭር ትምህርተ ሃይማኖት የሰውን ዋና ፍጻሜ ሲጠይቅ፥ እግዚአብሔርን ማክበርንና በእርሱ ለዘላለም ደስ መሰኘትን በ«ና» አያይዞ ይመልሳል። ፓይፐር፥ ፍጻሜ ተብሎ በነጠላ ከተነገረ ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ «ና»ን በ«በ» ይለውጣል፤ ሰው እግዚአብሔርን የሚያከብረው በእርሱ ደስ በመሰኘት ነው ማለቱ ነው። የአንዲት ፊደል ነገር ቀላል ይመስላል። ልጇን ቀብራ የተመለሰች እናት ይህን ብታነብ ግን፥ ኀዘኗ የእግዚአብሔርን ክብር የሚያጐድል ሆኖ ይታያታል፤ በሙት ልጇ ላይ በደለኛነት ይጨመርባታል።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መዝሙሩ ለየዕለቱ ተከፍሎ ይደገማልና፥ ዳዊት የሚደግም ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ36ኛው ወደ 87ኛው (88) ይደርሳል። ይህ መዝሙር ቀንና ሌሊት የሚጮኽ ሰው ጸሎት ነው፤ እንደ ሌሎቹ የለቅሶ መዝሙራት ወደ ምስጋና አይመለስም፤ በዕብራይስጡ የመጨረሻው ቃል ጨለማ ነው። ያ ሰው ግን ሲጀምር መድኀኒቴ ብሎ ጠርቶታል፤ በማለዳም ወደ እርሱ ጸልዮአል። እግዚአብሔርን አላከበረም ማለት እንዴት ይቻላል? ፓይፐርም ይህን ሳያይ አልቀረም። የአምልኮን ሦስት ደረጃ ሲለይ ፊተኛው ሙሉ ደስታ፥ ሁለተኛው ናፍቆት፥ ሦስተኛው ናፍቆት እንኳ ጠፍቶ ስለ መጥፋቱ ማዘን ነው ይላል። ይህ የመጽሐፉ እጅግ ርኅሩኅ ክፍል ነው። ሦስተኛው አምልኮ ከሆነ ግን ሰው ደስ ሳይለው እግዚአብሔርን አከበረ ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ «በ» ሸክሙን አትችለውም። በጸጸቱ ውስጥ የተቀበረ ደስታ አለ ተብሎ ይመለስ ይሆናል፤ ነገር ግን ደስታ የሚለው ቃል ጨለማውንም እስኪጨምር ድረስ ከተዘረጋ ምንም የማይለይ ቃል ይሆናል። ጥንታዊቱ «ና» ለሁለቱም ስፍራ ነበራት።

ጳውሎስ ሁልጊዜ ደስ ይበላችሁ ብሎ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ያዘዘው (4፥ 4) በእስራት ሳለ ነው፤ ይህን ሰባክያን ሁሉ ይጠቅሱታል። በዚያው መልእክት በምዕራፍ 2፥ 27 እና 28 ያለውን ግን የሚጠቅሰው ጥቂት ነው። አፍሮዲጡ ለሞት እስኪቀርብ ታሞ ነበረ፤ ጳውሎስም ቢሞትበት ኖሮ ኀዘን በኀዘን ላይ እንደሚደራረብበት፥ እርሱንም ወደ እነርሱ የሚልከው የራሱ ኀዘን እንዲቀልለት ጭምር እንደ ሆነ ሳይሸሽግ ጻፈላቸው።