ፍርሃትና ብቸኝነት በአንድ የወጣቶች ልብ ወለድ

መናፍስት ያደሩበት ቤት በአሜሪካ የወጣቶች ድርሰት ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ ርእስ ነው። ብዙዎቹ ደራስያን ግን ቤቱን አሳምረው ከሠሩ በኋላ የሚኖርበትን ሰው ይረሱታል። በር ሲጢጥ ይላል፣ መብራት ይጠፋል፣ አንባቢው ይደነግጣል፤ መጽሐፉ ሲዘጋ ድንጋጤውም አብሮ ይዘጋል። ጆን ቤሌርስ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው «በግድግዳዎቹ ውስጥ ሰዓት ያለበት ቤት» ከዚህ ድካም በአብዛኛው የዳነ ሥራ ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ1948፣ በሚሺጋን ግዛት፣ ኒው ዜቢዲ በተባለች የፈጠራ ከተማ ነው፤ ደራሲው የከተማይቱን መልክ የተዋሰው ከትውልድ ቦታው ከማርሻል ነው። ወላጆቹን በመኪና አደጋ ያጣው የአሥር ዓመቱ ሉዊስ ባርናቬልት ከአጎቱ ከጆናታን ዘንድ ለመኖር ይመጣል። አጎቱ ጠንቋይ ነው፤ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዚመርማን ደግሞ በዚሁ ጥበብ ከእርሱ ትልቃለች። የቤቱ ቀዳሚ ባለቤት አይዛክ አይዛርድ ዓለምን ለማጥፋት ያሰበበትን ሰዓት ከቤቱ ውስጥ ደብቆ ሞቷል፤ የሰዓቱ ምት ግን ከግድግዳው ውስጥ ይሰማል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ትርኢት ጋኔንም ሬሳም የሌለበት ነው። ጆናታን ሌሊት በቤቱ ውስጥ ይዘዋወራል፣ ይቆማል፣ ጆሮውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ያዳምጣል። ልጁ ተደብቆ ያየዋል። ጠባቂው ሆኖ የተሰጠው ትልቅ ሰው ራሱ እንደሚፈራ የተረዳ ሕፃን ከዚያ ወዲያ በማን ይተማመናል? ቤሌርስ ይህን ጥያቄ በቃል አያነሣውም፤ የአጎቱን እርምጃ ብቻ ያሰማል።

የልቦለዱ እውነተኛ ክብደት ያረፈው ግን በወዳጅነት ጉዳይ ላይ ነው። ሉዊስ ወፍራም ነው፣ በጨዋታ ሜዳ የሚፈልገው የለም። ታርቢ የተባለው የልጆች አለቃ ክንዱን በመሰበሩ ከጨዋታ ሲገለል ከእርሱ ጋር ይውላል፤ ክንዱ ሲድን ይርቃል። ሉዊስ ወዳጁን ለማስቀረት በመጀመሪያ አጎቱን ለምኖ ጨረቃን ያስጋርዳል፤ ይህ ሳይበቃ ሲቀር በሃሎዊን ሌሊት፣ ኦክቶበር 31፣ ከመቃብር ቦታ ሄዶ ሙታንን የሚያስነሣውን ጸሎት ይደግማል። የሚነሣውም የአይዛርድ ሚስት ሴሌና ናት። ታርቢ ፈርቶ ይሸሻል፤ ሉዊስ ከምስጢሩ ጋር ብቻውን ይቀራል። ከዚህ በኋላ የልጁን እንቅልፍ የሚነሣው ሴትዮዋ ብቻ አይደለችም፤ አጎቱ ጥፋቱን ቢያውቅ ከቤት ያስወጣኛል የሚለው ሥጋት ከእርሷ ያላነሰ ያስጨንቀዋል። ለሁለተኛ ጊዜ ቤት አልባ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃልና። በክፍል ውስጥ ሕፃናትን የሚያስተምር ሰው ይህን ዓይነቱን ዝምታ ሳያውቀው አይቀርም።

ወቅቱም ለጭብጡ ያገለግላል። ለአማርኛ አንባቢ መጸው የአበባ ዘመን ነው፤ በሚሺጋን ግን ቅጠል የሚረግፍበት፣ ቀኑ እያጠረ ጨለማ የሚረዝምበት ጊዜ በመሆኑ የሙታን ወሬ ሥፍራውን አግኝቷል። የኤድዋርድ ጎሪ ሥዕሎች በጥቃቅን የቀለም መስመሮቻቸው ይህን ጨለማ አጥልቀውታል።

ጉድለት አልጠፋበትም። አይዛርድ ዓለምን ለማጥፋት የተነሣበት ምክንያት ስስ ነው፤ ክፋቱ ሥር የለውም። ፍጻሜውም ተጣድፏል። የተደበቀው ሰዓት መገኛ የሚታወቀው ለጥያቄ መልስ በሚሰጥ የልጆች መጫወቻ ኳስ ነው፤ ይህ ለሣቅ የተመቸ ቢሆንም እስከዚያ የተገነባውን ውጥረት ያላላዋል። በ2018 ኤሊ ሮዝ ያዘጋጀው ፊልም ግን ከዚህ የባሰ ስሕተት ሠርቷል፤ ዘመኑን ወደ 1955 አዛውሮ፣ ከመቃብር የሚነሣውን አይዛክን ራሱን አድርጎ፣ የልጁን ዝምታ በጫጫታና በማሽን ብዛት ሸፍኖታል።

ቤሌርስ ታርቢን ወደ ሉዊስ አለመመለሱ ትክክል ነው። በመጨረሻዎቹ ገጾች ሉዊስ ሮዝ ሪታ የምትባል አዲስ ጓደኛ አግኝቷል፤ የመድፎችን ስም ሁሉ በቃሏ ታውቃለች፣ ጨረቃም እንዲጋረድላት አልጠየቀችም።